«ታቹ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ የላፕቶፕ ታችፓድ አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው «ታቹ ተቃጥሏል» የሚል ፍርድ ነው። ቀጥሎ አዲስ አበባ ተደውሎ ዕቃ ይፈለጋል፣ ዕቃው 130 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ይመጣል፣ ይገጠማል፤ ችግሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ከሆነ ደግሞ መንገዱም ወጪውም ይጨምራል። ይህን ሁሉ ሊያስቀር የሚችል፣ ብሎን መፍታት የማይጠይቅ ፍተሻ ከተርሚናል (ትዕዛዝ ከሚተየብበት መስኮት) ላይ አለ።

ነገሩ ከታች ወደ ላይ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ ከርነሉ (ዕቃውን በቀጥታ የሚያናግረው የሲስተሙ እምብርት) መሣሪያውን ያውቀዋል ወይ? ካወቀው፣ ጣት ሲነካው የሚወጣ ነገር አለ ወይ? የሚወጣ ካለ ደግሞ ዴስክቶፑ ጋ ይደርሳል ወይ? ብዙ ሰው ከላይ ይጀምራል፤ ሴቲንግ ይነካካል፣ ሲስተሙን እንደገና ይጭናል፣ በመጨረሻ ዕቃ ይቀይራል። ከታች የጀመረ ሰው ግን የት ጋ እንደተቋረጠ በዓይኑ ያየዋል።

ትዕዛዞቹ የሊኑክስ ናቸው፤ ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን ላይ ልዩነት የላቸውም። እዚህ በአነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትተይቧቸው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ነው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነም ችግር የለም፤ ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ አስነሡት፣ ሳትጭኑት «ልሞክረው» የሚለውን ምረጡ። ሃርድ ዲስኩ አይነካም። እንዲያውም ይህ ትልቅ መለያ ነው፦ ዊንዶውስ ላይ የማይሠራ ታችፓድ በፍላሹ ሊኑክስ ላይ ከሠራ ዕቃው ደህና ነው፣ የተበላሸው ድራይቨሩ (መሣሪያውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ወይም ሴቲንጉ ነው።

የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች «ኢቪቴስት» (ከከርነሉ የሚወጣውን የሚያሳይ) እና «ሊብኢንፑት-ቱልስ» (ወደ ዴስክቶፑ የሚያልፈውን የሚያሳይ) ናቸው፤ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ ሁለቱንም ጫኑ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ጥቅሎቹን ቀድማችሁ አውርዳችሁ በሌላ ፍላሽ ያዙ።

ስሙ አለ ወይ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ምንም መጫን አያስፈልግም፦

ካት /ፕሮክ/በስ/ኢንፑት/ዲቫይስስ

ከርነሉ የሚያውቃቸው የግቤት መሣሪያዎች በሙሉ በየአንቀጹ ይወጣሉ፤ ኪቦርዱ፣ የማብሪያ ማጥፊያው ቁልፍ፣ ካሜራው ሳይቀር። እያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ አራት ነገር ተመልከቱ፦ «ኔም» የሚለውን ስም፣ «በስ» የሚለውን ቁጥር፣ «ሃንድለርስ» መስመር ላይ ያለውን ኢቨንት ቁጥር፣ ከታች በኩል ደግሞ «ፕሮፕ» የሚለውን።

የበስ ቁጥሩ መሣሪያው በየትኛው መስመር እንደተያያዘ ይናገራል። 0003 ዩኤስቢ ነው፣ 0005 ብሉቱዝ፣ 0011 የድሮው ፒኤስ-ቱ፣ 0018 አይ-ቱ-ሲ (ቺፖች ቦርዱ ላይ የሚነጋገሩበት መስመር)። ብዙ ጠጋኝ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ኤልኤስዩኤስቢ» ብሎ ይፈልጋል፣ ታችፓዱን ዝርዝሩ ውስጥ ያጣዋል፣ «የለም» ብሎ ይደመድማል። የዛሬ ላፕቶፕ ታችፓድ በአብዛኛው፣ አብሮ የተሠራ ታችስክሪንም ብዙ ጊዜ፣ በአይ-ቱ-ሲ ነው የሚያያዘው፤ አይ-ቱ-ሲ ደግሞ በዩኤስቢ ዝርዝር ውስጥ በፍጹም አይታይም። ቬንደር የሚለው ቁጥርም ይጠቅማል፦ 04ኤፍ3 ኢላን ነው፣ 06ሲቢ ሲናፕቲክስ፣ 27ሲ6 ጉዲክስ፣ 056ኤ ዋኮም። ዕቃ ማዘዝ የግድ ከሆነ ከላፕቶፑ ሞዴል ጋር ይህን ቁጥርና ቀጥሎ ያለውን የፕሮዳክት ቁጥር አብራችሁ ላኩ፤ አንድ ሞዴል ላፕቶፕ ሁለት ዓይነት ታችፓድ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

«ፕሮፕ» ትንሽ መስመር ናት፣ ግን ስሙ ግልጽ ባልሆነ ጊዜ መሣሪያውን የምትለየው እሷ ናት። 1 ከሆነ ጠቋሚን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው፣ ማለትም የተለየ ቁልፍ ያለው ታችፓድ። 5 ከሆነ ታችፓድ ሆኖ ራሱ ሰሌዳው የሚጫን ነው። 2 ከሆነ ጣት ያረፈበት ቦታ ራሱ ዒላማው የሆነ መሣሪያ ነው፤ ታችስክሪን ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ቺፕ ብዙ ጊዜ በሁለት ስም ይመዘገባል፤ አንዱ መጨረሻው ላይ «ማውስ» ይላል፣ ሌላው «ታችፓድ»። በማውሱ ስም ያለው ኢቨንት ላይ ብትፈትሹ ጸጥ ይላል፤ የጣቱ መረጃ የሚሄደው በሌላው በኩል ነው። እርግጠኛ ለመሆን «ዩዴቭአድም ኢንፎ» ብላችሁ የኢቨንቱን መንገድ (/ዴቭ/ኢንፑት/ኢቨንት7 የመሰለውን) ስጡት፤ ታችፓድ ወይም ታችስክሪን የሚል መስመር መጨረሻው ላይ 1 ይዞ ይወጣል። የኢቨንት ቁጥሩ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሊቀያየር ስለሚችል የትናንቱን 7 ዛሬ አትመኑ።

ስሙ ከነጭራሹ ከሌለስ? «ሱዶ ዲሜሴጅ» (አጻጻፉ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ነው) ብላችሁ ውጤቱን በ«ግሬፕ» አጣሩ፤ «አይ2ሲ»፣ «ኤችአይዲ»፣ «ፒኤስማውስ» የሚሉትን ፈልጉ። መሣሪያውን ሪሴት ማድረግ አልተቻለም የሚል፣ ወይም የአይ-ቱ-ሲ ኮንትሮለሩ ጊዜ አለፈበት የሚል መስመር ካለ ከርነሉ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር መኖሩን ያውቃል፣ መልስ ግን አላገኘም ማለት ነው። ይህ የፍላት ኬብል (ታችፓዱን ከቦርዱ የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ገመድ) ወይም በቆመበት የቀረ ቺፕ ምልክት ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ የማብሪያውን ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ እንደገና አስነሡ። ካልመለሰ ያኔ ክዳኑ ይከፈት፤ ፍላቱ ከመቆለፊያው ወጥቶ ከሆነ ነቅሎ፣ ጫፉን በአልኮል ጠርጎ፣ ቀጥ አድርጎ መልሶ መቆለፍ ነው። ዲሜሴጁ ውስጥ ምንም ቃል ከሌለ ደግሞ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ግቡ፤ ታችፓዱ እዚያ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ታችፓዱን በመሠረታዊና በላቀ አሠራር መካከል የሚቀያይር ምርጫ ያላቸው ላፕቶፖችም አሉ፤ ያ ምርጫ ከፒኤስ-ቱ ወደ አይ-ቱ-ሲ የሚያሻግር ነው።

ጣቱ ሲነካ ምን ይወጣል?

ሱዶ ኢቪቴስት

ይህን ብቻ ብትሉት ዝርዝር አውጥቶ ቁጥር ይጠይቃችኋል። የኪቦርዱን ቁጥር አትምረጡ፤ የምትተይቡት ሁሉ፣ የይለፍ ቃል ጭምር፣ በግልጽ ይታያል። ውጤቱን ለሌላ ሰው የምትልኩ ከሆነ ይህን በተለይ አስተውሉ።

ቁጥሩን ስትሰጡት መጀመሪያ መሣሪያው የሚችለውን ነገር ይዘረዝራል። ኮድ 53 የጣቱ አግድም ቦታ ነው፣ 54 የቁመቱ። በሁለቱም ሥር ትንሹ ዋጋ፣ ትልቁ ዋጋና ሬዞሉሽን ይጻፋሉ። ሬዞሉሽን ማለት በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ስንት ነጥብ እንዳለ ነው። ለምሳሌ አግድሙ ከ0 እስከ 3200 ሆኖ ሬዞሉሽኑ 32 ከሆነ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያ አምጡና ሰሌዳውን ለኩት። ስሌቱ 100 እያለ ማስመሪያው 80 ካለ መሣሪያው የተሳሳተ መጠን እየተናገረ ነው፤ ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ የሚበረግገው ወይም የሚጎተተው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ኮድ 47 «ስሎት» ይባላል፤ ትልቁ ዋጋው 4 ከሆነ መሣሪያው አምስት ጣት መከታተል ይችላል፣ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር።

አሁን አንድ ጣት አሳርፉ። ኮድ 57፣ «ትራኪንግ አይዲ»፣ አንድ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ቀጥሎ 53 እና 54 ቦታውን ይናገራሉ፤ «ቢቲኤን ታች» 1 ይሆናል። ጣቱን ስታነሡ ትራኪንግ አይዲው -1፣ ቢቲኤን ታችም 0 ይሆናል። ይህን ካያችሁ ሰሌዳውም፣ ቺፑም፣ ፍላቱም፣ ድራይቨሩም በሕይወት አሉ። ሰሌዳው ላይ የሞተ መስመር ከሌለ በቀር፣ ከዚህ በኋላ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

የሞተ መስመር ለመፈለግ ጣታችሁን ሳታነሡ ከግራ ጥግ ወደ ቀኝ በዝግታ ጎትቱት፤ አምስት ሰከንድ ያህል ይፍጅ። ጣቱ ሳይነሣ መሐል ላይ -1 ከወጣና ትንሽ ራቅ ብሎ አዲስ አይዲ ከጀመረ፣ በዚያ መካከል ሰሌዳው አያይም። የተቋረጠበትን የአግድም ዋጋ መዝግቡ። ከዚያ ከፍ ብላችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ ድገሙት። ሁልጊዜ በአንድ ዋጋ ላይ፣ በሉ 1400 እና 1520 መካከል፣ ከተቋረጠ ከላይ እስከ ታች የሞተ አምድ ነው፤ ስንጥቅ ወይም የፍላት መስመር መቆረጥ ነው፣ እዚህ ላይ ዕቃ መቀየር ትክክል ነው። በየጊዜው በተለያየ ቦታ ከተቋረጠ ግን ሰሌዳው አይደለም፤ ጣቱ ወይም መብራቱ ነው።

መብራቱ

«ማንም ሳይነካው ራሱን ይነካል» የሚባለው ታች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይመጣል። የላፕቶፕ ቻርጀር 220 ቮልቱን ዝቅ ሲያደርግ ፈጣን የኤሌክትሪክ ረብሻ ይፈጥራል። ሶኬቱ የሚሠራ ግራውንድ ካለው ረብሻው ወደ መሬት ይወርዳል። ግራውንድ ከሌለ መውረጃ ስለሌለው የላፕቶፑ አካል በሙሉ አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጣት ሲያርፍበት ደግሞ ሰውየው ራሱ መውረጃ ይሆንና ረብሻው ልክ በሚነካው ነጥብ ላይ ያልፋል። ታቹ የሚለካው እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ስለሆነ ይህን ከጣት መለየት ያቅተዋል። የቻርጀሩን ገመድ ከሰኩ በኋላ የላፕቶፑን ብረት በእጅ ጀርባ ለስለስ አድርጎ ሲያሹት ንዝር ንዝር የሚል ስሜት ካለ ምልክቱ ያው ነው። ጠንከር ያለ ንዝረት ከሆነ ግን ወዲያው ንቀሉት።

ፍተሻው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳትነኩት ለአንድ ደቂቃ ቅዱ፦

ሱዶ ታይምአውት -ኤስ ኢንት 60 ኢቪቴስት /ዴቭ/ኢንፑት/ኢቨንት7 > ባዶ.ቲኤክስቲ

በ7 ቦታ የእናንተን ቁጥር አስገቡ፤ «ኢንት» እዚህ በትልልቅ ፊደል ነው። ከዚያ በፋይሉ ውስጥ «ኢቨንት፡ ታይም» የሚሉ መስመሮችን በ«ግሬፕ -ሲ» ቁጠሩ። ጤነኛ መሣሪያ 0 ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ጣታችሁን መሐል ላይ አሳርፋችሁ ሳታንቀሳቅሱ አሥር ሰከንድ ያዙ። ከርነሉ ዋጋው ካልተለወጠ ስለማይጽፍ የረጋ ጣት ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለቱንም በባትሪ ብቻ አንድ ጊዜ፣ ቻርጀር ሰክታችሁ አንድ ጊዜ አድርጉ። በባትሪ የአግድሙ ዋጋ በ2 ወይም 3 ነጥብ እየተንቀጠቀጠ፣ በቻርጀር ግን በ60 ነጥብ እየዘለለ ከሆነ፣ በ32 ስታካፍሉት ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝላይ ነው። ይህ ዓይን የሚያየው ነው። ዕቃው ደህና ነው፤ የሚስተካከለው መብራቱ ነው።

ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ሁሉ ግራውንድ አለው ማለት አይደለም። ብዙ ቤት ውስጥ ሦስተኛው ቀዳዳ አለ፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ሽቦ ቢኖርም የዲቫይደሩ መሰኪያ ሁለት እግር ከሆነ ተቆርጧል። ኤሌክትሪሺያን ይለካው፤ ለታቹ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ደኅንነት ነው። እስኪስተካከል ድረስ ፈተና የሚፈተን ወይም ጽሑፍ የሚሠራ ሰው በባትሪ ይሥራ።

ብርዱና ጣቱ

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር አለፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ አየሩ ደረቅ ነው፣ የጣት ቆዳም አብሮ ይደርቃል። ደረቅ ቆዳ፣ በተለይ በሥራ የጠነከረ የገበሬና የግንበኛ ጣት፣ ለታችፓድ የሚሰጠው ምልክት ደካማ ነው። ኢቪቴስት ላይ ጣቱ ይታያል፣ ጠቋሚው ግን አይንቀሳቀስም። መለያው ቀላል ነው፦ ጣቱ ላይ በአፍ እፍፍ በሉበትና እርጥበቱ ሳይጠፋ ንኩት። ከሠራ፣ ችግሩ «ይህ ጣት ነው» የሚባልበት መነሻ ከፍ ማለቱ ነው።

የግፊት ኮድ፣ 58፣ ያላቸው መሣሪያዎች ላይ መነሻውን መለካት ይቻላል፦

ሱዶ ሊብኢንፑት ሜዠር ታችፓድ-ፕሬሸር

አልነሣም ካለ «ፓይተን3-ሊብኢቪዴቭ» እና «ፓይተን3-ፓይዩዴቭ» ይጎድሉታል። በደረቁ ጣት ደጋግማችሁ ስትነኩ ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ያሳያችኋል። ደረቁ ጣት 12 አካባቢ ከሰጠ መነሻውን 10፣ መልቀቂያውን (ጣቱ ተነሥቷል የሚባልበትን) 8 ማድረግ ይበቃል። ይህ የሚጻፈው በ/ኢቲሲ/ሊብኢንፑት ማህደር ውስጥ «ሎካል-ኦቨራይድስ.ኩዊርክስ» በሚል ፋይል ነው፦

[ደረቅ ጣት]
ማች ዩዴቭ ታይፕ=ታችፓድ
አትር ፕሬሸር ሬንጅ=10:8

እዚህ ላይ ከእኩል ምልክቱ በፊት ያሉት ቃላት ሳይነጣጠሉ፣ የየቃሉ መጀመሪያ በትልቁ ፊደል ነው የሚጻፉት። «ሊብኢንፑት ኩዊርክስ ሊስት» ብላችሁ የኢቨንቱን መንገድ ስትሰጡት ያስገባችሁት ከታየ ተቀብሎታል። ከዚያ ከዴስክቶፑ ወጥታችሁ (ሎግ አውት ብላችሁ) እንደገና ግቡ። መነሻውን ወደ 2 ወይም 3 አታውርዱት፤ መዳፍ ሲቀርብ ጠቋሚው መዝለል ይጀምራል።

ደረቁ አየር ሌላም ያመጣል። ባና ወይም የሱፍ ሹራብ ለብሶ የተቀመጠ ሰው በሰውነቱ ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ታችፓዱን ሲነካ ጠሽ ብሎ ይወርዳል፤ ቺፑም በቆመበት ይቀራል። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ኢቪቴስት ግን ጸጥ ነው። ለአይ-ቱ-ሲ ከሆነ «ሱዶ ሞድፕሮብ -አር አይ2ሲ_ኤችአይዲ_ኤሲፒአይ» ብሎ ድራይቨሩን አውጥቶ፣ ያለ «-አር» መልሶ ማስገባት ብዙ ጊዜ ያነቃዋል። ከመንካት በፊት የብረት በር እጀታ መንካት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያስቀረዋል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ላብ። በደጋው ብርድ ያደረ ታብሌት ጣርማበርን ወርዶ ቆላው ሙቀት ውስጥ ከቦርሳ ሲወጣ ደግሞ ጤዛ ሊይዝ ይችላል፤ የውሃ ጠብታ እንደ ጣት ይቆጠራል። ሳትነኩት ስትቀዱ አይዲው ጀምሮ -1 ሳይመጣ ከቆየ እርጥበት ነው። ጠርጉት፣ እስኪሞቅ ጠብቁት።

ዴስክቶፑ ጋ ይደርሳል ወይ?

ሱዶ ሊብኢንፑት ዲበግ-ኢቨንትስ

ታችፓድ ከሆነ «ፖይንተር ሞሽን»፣ ታችስክሪን ከሆነ «ታች ዳውን» እና «ታች አፕ» መውጣት አለባቸው። ኢቪቴስት እየተናገረ ይህ ዝም ካለ ከላይ ያለው የመነሻ ጉዳይ ነው። ይህም እየተናገረ ጠቋሚው ካልተንቀሳቀሰ የዴስክቶፑ ሴቲንግ ነው። «ሊብኢንፑት ሊስት-ዲቫይስስ» ላይ መታ አድርጎ መክፈት «ዲሴብልድ» ይላል፤ ይህ ሊብኢንፑት ራሱ ሲጀምር የሚይዘው ምርጫ ነው፣ ብልሽት አይደለም። እየተየቡ ሳለ ታችፓዱ የሚቆመውም ሆን ተብሎ ነው፣ መዳፍ እንዳያስቸግር።

«ኤክስኢንፑት» የለመዳችሁ፣ ዌይላንድ (አዲሱ የሊኑክስ የምስል ሥርዓት) ላይ አትጠቀሙበት። እዚያ የሚያሳያችሁ የውሸት መሣሪያዎችን ብቻ ነው፤ «ኤክስዌይላንድ» የሚል ስም ካያችሁ እሱ ነው። በኤክስ11 (በቀድሞው ሥርዓት) ላይ ግን ለታችስክሪን በጣም ይጠቅማል። ትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ሲሰካ ጣት ያረፈበትና የሚከፈተው ቦታ የሚራራቁት ታቹ በሁለቱ ስክሪኖች ጠቅላላ ስፋት ላይ ስለሚዘረጋ ነው፦ «ኤክስኢንፑት ማፕ-ቱ-አውትፑት» ብላችሁ የመሣሪያውን ቁጥርና የስክሪኑን ስም ስጡት። የስክሪኑን ስም «ኤክስራንድአር» ይነግራችኋል።

ስልክ ላይ

አንድሮይድም ከርነሉ ሊኑክስ ስለሆነ ፍተሻው ያው ነው። ዩኤስቢ ዲበጊንግ (ኮምፒውተር ስልኩን እንዲያዝ የሚፈቅደው ሴቲንግ) ከበራ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ «ኤዲቢ ሼል ጌትኢቨንት -ኤልቲ» ብላችሁ ስክሪኑን ንኩ፤ እነዚያው ትራኪንግ አይዲና የቦታ ኮዶች ይወጣሉ፣ ዋጋቸው ግን በሄክሳ (በ16 መሠረት ቁጥር) ነው። ታቹ ሞቶ ዲበጊንጉን ማብራት ካልተቻለ የኦቲጂ ኬብልና ተራ የዩኤስቢ ማውስ ይበቃል፤ ቀስት ይወጣል፣ በሱ ትከፍታላችሁ። ኮምፒውተሩን ፍቀድ የሚለው ጥያቄ ግን ስልኩ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያያዝ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ደግሞ ቀዳዳው ተይዟል፣ ስለዚህ ብሉቱዝ ማውስ ቀድማችሁ አጣምሩ።

ስክሪን ስትቀይሩ ፍላቱን ሰክታችሁ፣ ሙጫ ሳትቀቡ፣ ጌትኢቨንቱን ከፍታችሁ አራቱንም ጥግና መሐሉን በጣት ጎትቱ። ምስሉ ጥርት ብሎ እየታየ ጌትኢቨንት ዝም ካለ የመጣው ስክሪን የታች ቺፑ ከስልኩ ድራይቨር ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ሙጫ ካልነካው ሻጩ መልሶ ሊቀበል ይችላል።